«ይሄን በቀን ስንቴ ልስጣት?»፦ የአንዲት የ11 ወር ሕፃን ተቅማጥና አንድ ካርቶን ፕሮባዮቲክ

ጉዳዩ የሆነው ጅማ ከተማ ውስጥ ነው፣ ክረምት ላይ። ሕፃኗ ያኔ 11 ወሯ ነበር። እናትየዋ እንድጽፈው ፈቅዳልኛለች፤ ቤተሰቡን የሚያሳውቅ ነገር ግን አውጥቻለሁ። እኔ ፋርማሲስት ነኝ። እዚያው ጅማ፣ መርካቶ አካባቢ ካሉት መድኃኒት ቤቶች በአንዱ እሠራለሁ። ልጅቷን መርምረው ያከሟት የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች ናቸው። የእኔ ድርሻ መነሻው ላይና ከዚያ በኋላ በመጡት ጥያቄዎች ላይ ነው።

ይህን ጉዳይ የመረጥኩት ጥያቄው ስለሚደጋገም ነው። ሰው አንድ ካርቶን ፕሮባዮቲክ፣ ማለትም ለአንጀት ይጠቅማል የሚባል ሕያው ረቂቅ ተሕዋስ ያለበት ዱቄት፣ ይዞ ይመጣል። ከዱባይ ወይም ከጅዳ ዘመድ የላከው፣ አንዳንዴም ከአዲስ አበባ የመጣ። «ለሆድ ጥሩ ነው ብለውኛል፣ ለልጄ ስንቴ ልስጠው?» ይለኛል። እሱ የሚጠይቀኝ ስለ ፓኬቱ ነው። እኔ ደግሞ መጀመሪያ ማወቅ የምፈልገው ስለ ልጁ ነው። ምን ሆነ? መቼ ጀመረው? እስካሁን ምን ወሰደ? ይህ ሳይታወቅ «በቀን ሁለቴ» ብሎ መሸኘት ለልጁ አለማሰብ ነው።

እንዴት ጀመራት

መነሻው ጉንፋን ነበር። አፍንጫዋ ይፈስ ነበር፣ ትንሽ ታስል ነበር፣ አንድ ሌሊት ደግሞ አተኮሳት። አባትየው ጠዋት ሥራ ከመግባቱ በፊት ከአንድ መድኃኒት ቤት አሞክሲሲሊን ከክላቩላኒክ አሲድ ጋር የተዋሃደበት የአንቲባዮቲክ ሽሮፕ ገዛ። ማዘዣ አልያዘም። ማዘዣ የት አለ ብሎ የጠየቀውም የለም። ልጅቷን ያያት፣ ደረቷን ያዳመጠ ሰው አልነበረም።

ሽሮፑን በጀመረች በሦስተኛው ቀን ተቅማጥ ያዛት። ውሃ የመሰለ፣ ደም የሌለው፣ በቀን 6 ወይም 7 ጊዜ። መቀመጫዋ ቀልቶ ተላጠ።

ከዚያ ሁሉም የየራሱን ይዞ መጣ። አንዷ ጎረቤት «ጥርስ ስታወጣ ነው፣ ይተዋታል» አለች። ሌላዋ «የወተት ጥርሷ ነው፣ የሚነቅል ሰው አውቃለሁ» አለች። አያትየዋ «እርጎ ስጧት» አሉ። አባትየው ሽሮፑን ወደ ገዛበት ተመልሶ ሲሄድ «አሜባ ይሆናል» ተባለና ሜትሮኒዳዞል ተጨመረለት። መራራ ነው፤ ልጅቷ አንድ ማንኪያ ስትቀምስ ወዲያው ታስመልሰዋለች። አዲስ አበባ ያለችው አክስት በስልክ ሰምታ ተጨነቀች። ከዱባይ የመጣላትን የፕሮባዮቲክ ካርቶን ወደ ጅማ በሚመጣ ሰው እጅ ላከችው። ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ካርቶኑ በማግስቱ ደረሰ።

እዚህ ላይ ስለ ጥርሱ አንድ ነገር ልበል። ለተቅማጥ ተብሎ የሕፃን ድድ ተሰንጥቆ ገና ያልወጣ ጥርስ መነቀሉ በአገራችን አሁንም አለ። ተቅማጡን አያስቆመውም። ልጁን ግን ለደም መፍሰስ፣ ለኢንፌክሽን፣ ለቴታነስ ያጋልጠዋል። ከሥሩ የሚበቅለውን ቋሚ ጥርስም ሊያበላሽ ይችላል። ይቺ እናት እሺ አለማለቷ ልጇን ከትልቅ ጉዳት አድኗታል።

ተቅማጡ በጀመረ በአራተኛው ቀን እናትየዋ ልጇን አዝላ፣ ካርቶኑን በእጇ ይዛ መጣች።

«ዶክተር፣ ይሄን በቀን ስንቴ ልስጣት?»

ግማሽ ሊትሯ ሃይላንድ

ካርቶኑን ተቀብዬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩትና ልጅቷን አየኋት። ዓይኗ ጎድጉዷል። ትነጫነጫለች፣ እቅፍ ውስጥም አልረጋ ብላለች። ስታለቅስ እንባዋ እምብዛም ነው። በስኒ ውሃ ሲቀርብላት ስኒውን በሁለት እጇ ያዘችና አልለቅም አለች። የሆዷን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጌ ስለቀው ቀስ ብሎ ነው የተመለሰው።

«ኦአርኤስ ሰጥተሻታል?»

«ለምለም ገዝቼላታለሁ። ግን አትወደውም፣ ስትጠጣው ታስመልሳለች።»

«በምን በጠበጥሽው?»

ከቦርሳዋ የሃይላንድ ጠርሙስ አወጣች። ግማሽ ሊትሯን። አንዱ ፓኬት ኦአርኤስ እንዳለ እዚያ ውስጥ ተጨምሯል።

በእኔ ግምት የዚህ ጉዳይ ዋናው ነገር ይሄ ጠርሙስ ነው። ፓኬቱ የተሠራው ለ1 ሊትር ውሃ ነው። በ1 ሊትር ሲበጠበጥ ሶዲየሙ በሊትር 75 ሚሊሞል ይሆናል፤ በግማሽ ሊትር ሲሆን 150። የጤናማ ሰው ደም ውስጥ ያለው ሶዲየም ከ135 እስከ 145 ነው። ስለዚህ ልጅቷ ስትጠጣ የነበረው ከራሷ ደም የበለጠ ጨው ያለበት ውሃ ነው። እንዲህ የወፈረ ፈሳሽ አንጀት ውስጥ ሲገባ ውሃ ከሰውነት ወደ አንጀት ይስባል፤ ተቅማጡ ይብሳል። ደም ውስጥ የሚገባው ጨው ሲበዛ ደግሞ ጥማቱ ይጨምራል፣ ልጁ ይነጫነጫል፣ ከባሰም ራሱን እስከ መሳትና እስከ መንቀጥቀጥ ይደርሳል። አትወደውም ማለቷም ትክክል ነበር። ማን ይወደዋል?

ይህን ያደረገችው እናት ግድ የለሽ አይደለችም። ማታ ማታ ሳትተኛ ስታባብል የከረመች ሴት ናት። ኦአርኤሱን ሲሸጡላት በምን ያህል ውሃ እንደሚበጠበጥ የነገራት ሰው ስላልነበረ፣ እጇ ላይ የነበረውን ጠርሙስ ተጠቀመች። ብዙ ቤት ውስጥ ያለው መለኪያም እሱ ነው። ስለዚህ በጠርሙሱ ነገርኳት፦ ይቺ ሃይላንድ ሁለቴ ሞልታ፣ ንጹህ ጆግ ውስጥ ተገልብጣ፣ አንድ ፓኬት። ውሃው ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን። ተበጥብጦ 24 ሰዓት ካለፈው ይደፋ።

ከዚያ የባጃጅ ጥሪ አደረግን። ወደ ጤና ጣቢያ የሄደችው ካርቶኑን ሳትከፍት ነው።

ጤና ጣቢያ የሆነው

ክብደቷ 7.6 ኪሎ ነበር። የክንዷ ዙሪያ ከ12.5 ሴንቲ ሜትር በላይ ስለሆነ በምግብ እጥረት አልተመዘገበችም። የትንፋሿ ቁጥር በደቂቃ 38 ነበር። በዕድሜዋ የሳንባ ምች የሚያስጠረጥረው 50 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው። ደረቷ ንጹህ ነው፣ ትኩሳት የለም። የሰገራ ምርመራው ደምም፣ መግልም፣ አሜባም፣ ጃርዲያም አላሳየም። የሮታ ክትባቷን በጊዜው ወስዳለች።

ጤና መኮንኗ ሁለቱንም ሽሮፖች አስቆመች። አንዱ ለጉንፋን አያስፈልግም ነበር። ሌላው ለሌለ አሜባ የተሰጠ ነው።

«የተወሰነ የፈሳሽ እጥረት» በሚለው ምድብ ነው ያከሟት። ሂሳቡ ቀላል ነው፦ በኪሎ 75 ሚሊ ሊትር ኦአርኤስ፣ በ4 ሰዓት ውስጥ። ለእሷ ወደ 570 ሚሊ ሊትር መጣ። አሰጣጡ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። በየአንድ ሁለት ደቂቃው አንድ የሻይ ማንኪያ። ስታስመልስ 10 ደቂቃ መጠበቅ፣ ከዚያ ይበልጥ ቀስ ብሎ እንደገና መጀመር። ጡቷን በመሃል በመሃል። እናትየዋ ደክሟት አያትየዋ ተቀበሏት፤ የማንኪያውን ሥራ አብዛኛውን የጨረሱት እሳቸው ናቸው። መጨረሻው ላይ ልጅቷ ሸናች። ነርሷ ያንን ስታይ ፊቷ እንዴት እንደበራ እናትየዋ ዛሬም ታወራዋለች።

ወደ ቤት የላኳት በሚሟሟ 20 ሚሊ ግራም ዚንክ ነው፤ በቀን አንድ ጊዜ፣ ለ10 ቀን። ተቅማጡ ቢቆምም ዚንኩ አይቋረጥም፤ ከሚከተለው ወር ተቅማጥም ስለሚከላከል። ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር ኦአርኤስ። ጡት እንደ ልቧ። ገንፎና ምግብ እንዳይቀር፣ እንዲያውም በቀን አንድ ጊዜ ተጨማሪ። «ሆዷ ይረፍ» ተብሎ ምግብ የሚከለከልበት ልማድ ልጅን ያደክማል። አንጀት ራሱን የሚጠግነው ሲመገብ ነው።

ተቅማጡ በአንድ ጀንበር አልቆመም። በማግስቱ 4 ጊዜ፣ ከዚያ 3፣ ከዚያ 2። በሦስተኛው ቀን ሲመዝኗት 8 ኪሎ ሆናለች። በአራተኛው ቀን ሰገራዋ ጠና።

ተቅማጡን ያመጣው አንቲባዮቲኩ ነው ወይስ ከጉንፋኑ ጋር የመጣ ቫይረስ? ሁለቱም ይሆናል። ክላቩላኒክ አሲድ ያለበት ሽሮፕ ተቅማጥ በማምጣት የታወቀ ነው፤ የአንጀትን እንቅስቃሴ ያፋጥናል፣ አሞክሲሲሊኑ ደግሞ ደጉንም ክፉውንም ባክቴሪያ አብሮ ያጸዳል። የሕፃናት ተቅማጥ አብዛኛው ደግሞ ከቫይረስ ነው። ለዚህች ልጅ ግን ሕክምናው አንድ ነው፦ የማያስፈልገውን ማቆም፣ ውሃና ጨውን በልኩ መመለስ፣ ዚንክ፣ ምግብ።

ታዲያ ፕሮባዮቲኩስ?

በማግስቱ እናትየዋ ካርቶኑን ይዛ ተመለሰች። አሁን ልጅቷ ደህና ስለሆነች ስለ ፓኬቱ በእርጋታ ማውራት ቻልን።

ፕሮባዮቲክ የሚባለው በበቂ መጠን ሲወሰድ ለጤና የሚጠቅም ሕያው ረቂቅ ተሕዋስ ነው። ባክቴሪያ ሊሆን ይችላል፣ እርሾም ሊሆን ይችላል። ሐሳቡ የቆየ ነው። ፓሪስ በሚገኘው የፓስተር ተቋም ይሠራ የነበረው ኤሊ ሜችኒኮፍ፣ ስለ ሰውነት መከላከያ ባደረገው ሥራ እ.ኤ.አ. በ1908 የኖቤል ሽልማት የተጋራው ሳይንቲስት፣ የረጋ ወተት ባክቴሪያዎች ለአንጀት ይጠቅማሉ ብሎ ከመቶ ዓመት በፊት ጽፏል።

ይህ ካርቶን ውስጥ ያለው እርሾ ነው፤ ሳክሮማይሲስ ቡላርዲ ይባላል። አንሪ ቡላር የተባለ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ደቡብ ምሥራቅ እስያ ውስጥ ከፍራፍሬ ልጣጭ ያገኘው ነው፤ የአካባቢው ሰዎች ልጣጩን አፍልተው ለተቅማጥ ሲጠጡት አይቶ። ካርቶኑ ላይ በአንድ ፓኬት 250 ሚሊ ግራም፣ 5 ቢሊዮን ሕያው ሴሎች ይላል። ከ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ይቀመጥ ይላል። የሚያበቃበት ጊዜ ገና ነበር። ይህን ሁሉ ከእናትየዋ ጋር አብረን አነበብነው። ብዙ ካርቶን እንዲህ ግልጽ አይደለም። አንዳንዱ «10 ዓይነት ባክቴሪያ» ብሎ ብቻ ይተወዋል፤ የትኛው ዝርያ እንደሆነ አይናገርም። አንዳንዱ የሴሎቹን ቁጥር የሚነግርህ ፋብሪካ ሲወጣ የነበረውን እንጂ ልጅህ ሲወስደው የሚኖረውን አይደለም።

ዝርያው ለምን ይጠየቃል? አንዱ የሠራው ሥራ ለሌላው ስለማይቆጠር ነው። ላክቶባሲለስ ራምኖሰስ ጂጂ የሚባለው አለ፣ ላክቶባሲለስ ሪዩተሪ ዲኤስኤም 17938 የሚባለው አለ። ይኸኛው ሪዩተሪ ጡት ብቻ የሚጠቡ፣ በቁርጠት ማታ ማታ የሚያለቅሱ ሕፃናትን ልቅሶ እንደሚቀንስ ከአንድ በላይ ጥናት አሳይቷል። የጣሳ ወተት በሚጠጡት ላይ ግን በቂ ማስረጃ የለም። እኛ ጋ ለዚሁ ልቅሶ ጤናአዳም ወይም አብሽ በውሃ ይሰጣል። ከ6 ወር በታች ላለ ሕፃን ከጡት ሌላ ውሃ ራሱ አደጋ አለው፤ ያ ልቅሶ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በ3 እና በ4 ወር አካባቢ በራሱ ይተዋል።

ወደ ልጅቷ እንመለስ። እሷ የያዛት ድንገተኛ ተቅማጥ ነው። ለዚህ ፕሮባዮቲክ ይሠራል?

ለብዙ ዓመት «አዎ» የሚሉ ትናንሽ ጥናቶች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2018 ሁለት ትላልቅ ጥናቶች በአንድ ጊዜ ወጡ። አንዱ አሜሪካ ውስጥ 971 ሕፃናት ላይ፣ ሌላው ካናዳ ውስጥ 886 ሕፃናት ላይ። ሁለቱም በተቅማጥ ሆስፒታል ለመጡ ሕፃናት ለግማሾቹ ፕሮባዮቲክ፣ ለግማሾቹ ያንኑ የሚመስል ባዶ ዱቄት ሰጡ። ልዩነት አልታየም። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የኮክሬን (ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝን ዓለም አቀፍ ድርጅት) ግምገማ 82 ጥናቶችን አሰባስቦ ፕሮባዮቲክ ከ48 ሰዓት በላይ የሚቆይን ተቅማጥ በመቀነስ ረገድ ለውጥ የማምጣቱ ነገር አጠራጣሪ ነው አለ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ የጨጓራና አንጀት ሐኪሞች ማኅበር አሜሪካና ካናዳ ላሉ ሕፃናት አይሰጥ አለ። የአውሮፓ የሕፃናት አንጀት ሐኪሞች ማኅበር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2023 ሳክሮማይሲስ ቡላርዲን ጨምሮ ጥቂት ዝርያዎችን መስጠት ይቻላል ብሏል፤ ማስረጃው ደካማ መሆኑን ግን አብሮ ጽፏል። ጥናቶቹ ላይ የተሳተፉ ልጆችና የእኛ ልጆች አንጀታቸው፣ ምግባቸው፣ የሚጠጡት ውሃ አንድ አይደለም። ስለዚህ ክርክሩ አልተዘጋም።

ያልተከራከሩበት አንድ ነገር አለ። ሁለቱም ወገን ኦአርኤስን የሚተካ ፕሮባዮቲክ አለ አላሉም። የአንድ ቤተሰብ ገንዘብና ትኩረት ውሱን ነው። ከዱባይ የመጣው ካርቶን ሲከበር፣ በርካሽ የተገዛው ኦአርኤስ በግማሽ ሊትር ተበጥብጦ ይቀራል። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው።

ለእናትየዋ የነገርኳት እንዲህ ነበር። ልጅሽ ጤናማ ናት፣ በደም ሥሯ የገባ ቱቦ የለም፣ ብትሰጫት ይጎዳታል ብዬ አልሰጋም። ይጠቅማታል ብዬም ቃል አልገባልሽም። እየዳነች ነው። ጤና መኮንኗም ከዚህ የተለየ አልነገረቻትም። እናትየዋ ትንሽ አሰበችና «እንግዲያው ይቀመጥ» አለች።

ማታ አክስት ደወለች። «ያ ዱቄት ፈወሳት አይደል?»

«አልከፈትኩትም» አለቻት። አክስት ቅር አላት ይባላል። እኔ ግን ስሰማ ደስ አለኝ። ካርቶኑ በመጣ ቀን ተከፍቶ ቢሆን ኖሮ፣ በአራት ቀን ውስጥ ተቅማጡ ሲቆም ምስጋናው ሁሉ የፓኬቱ ነበር። ሰፈሩም ያንን ይዞ ይሄድ ነበር፤ የሚቀጥለው ልጅ ሲታመም ማንም ስለ ውሃው ልክ አያወራም። ድንገተኛ ተቅማጥ አብዛኛው በአንድ ሳምንት ውስጥ በራሱ ይቆማል። በዚያ ሳምንት የተሰጠ ነገር ሁሉ ፈዋሽ ይመስላል፤ ዱቄቱም፣ ቅጠሉም፣ የተነቀለው ጥርስም።

የአያትየዋ እርጎ

አያትየዋ ከልጅቷ ጋር ሲመጡ የራሳቸውን ጥያቄ አመጡ። «ልጄ፣ አንተ የምትለው ሕያው ነገር እርጎ ውስጥ የለም እንዴ? እኛ ልጆቻችንን በእሱ አይደል ያሳደግነው?»

«እማማ፣ እውነትዎን ነው» አልኳቸው፤ ከልቤ ነው። በወይራ በታጠነ እቃ የረጋ የቤት እርጎ ውስጥ ላክቶባሲለስና ላክቶኮከስ የመሳሰሉ ባክቴሪያዎች እንዳሉ የአገራችን ተመራማሪዎች አጥንተውታል። ሲረጋ የወተቱ ላክቶስ ይቀንሳል፤ ከተቅማጥ በኋላ ላለ ሆድ ከትኩስ ወተት ይልቅ ይቀላል። እንጀራችንም በእርሾ ነው የሚቦካው፤ ምጣድ ላይ ሲወጣ ግን ሕያዎቹ ይሞታሉ።

የሚያሳስበው ወተቱ ነው። ያልፈላ የላም ወተት ብሩሴላ፣ የከብት ቲቢ፣ ሳልሞኔላና ኢ.ኮላይ ሊይዝ ይችላል። መርጋቱ ሁሉንም አይገድልም። አፍልቶ ማርጋትም ይቻላል፤ ግን ማርጊያ ተብሎ የሚጨመረው የትናንቱ እርጎ ካልፈላ ወተት ከሆነ ችግሩ በዚያው ይመለሳል። ገና ተቅማጥ ለደከማት የ11 ወር ልጅ ይህን አንሞክርም። ስታገግም፣ ስኳር ያልገባበት በፓስቸራይዝድ ወተት የተሠራ እርጎ በጥቂት ማንኪያ ከምግቧ ጋር መስጠት ይቻላል። እሳቸውም «ማርስ?» ብለው ጠየቁ። ማር አንድ ዓመት ሳይሞላ በፍጹም አይሰጥም፤ ቦቱሊዝም የሚባል ከባድ በሽታ ሊያመጣ ይችላል። ለጅማ አያት ማር መከልከል ከባድ ነው። ግን ሰሙኝ።

ለአንጀቷ ደግ ባክቴሪያ ከሁሉም በላይ የሚመግበው የእናቷ ጡት ነው። ጡት ውስጥ ልጁ ራሱ የማይፈጨው የስኳር ዓይነት አለ፤ እሱን የሚመገቡት ቢፊዶባክቴሪያ የሚባሉት ናቸው። እናትየዋ ይህን ስትሰማ ልትተወው አስባ የነበረውን የሌሊት ጡት ቀጠለች።

ካርቶኑ የተከፈተበት ጊዜ

ከሦስት ወር ገደማ በኋላ ልጅቷ ታመመች። አሁን ጆሮዋ ነው። ትኩሳት፣ ሌሊቱን ሙሉ ልቅሶ፣ በሁለተኛው ቀን ከቀኝ ጆሮዋ መግል ወጣ። አባትየው ወደ መድኃኒት ቤት አልሄደም፤ ሐኪም ጋ ነው የወሰዳት። ሐኪሟ መርምራ አሞክሲሲሊን አዘዘች። ይህ አንቲባዮቲክ የሚያስፈልገው ሕመም ነው።

እናትየዋ ከማዘዣው ጋር ያንኑ ካርቶን ይዛ መጣች። «አሁንስ?»

አሁን ጥያቄው ሌላ ነው። ተቅማጥ ገና አልመጣም። አንቲባዮቲክ ደግሞ ሊጀመር ነው። ባለፈው ተቸግራለች። ፕሮባዮቲክ ከልጆች ተቅማጥ ጋር በተያያዘ ደህና ማስረጃ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ከአንቲባዮቲክ የሚመጣውን ቀድሞ በመከላከል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የኮክሬን ግምገማ 33 ጥናቶችን፣ 6,352 ልጆችን አየ። ፕሮባዮቲክ ከወሰዱት 100 ልጆች 8 ያህሉ፣ ካልወሰዱት 19 ያህሉ ተቅማጥ ያዛቸው። በሌላ አነጋገር 9 ልጆች ሲወስዱት አንዱ ከተቅማጥ ይድናል። መጠኑ በቀን ቢያንስ 5 ቢሊዮን ሲሆን ነው የተሻለው። ጂጂ የሚባለው ላክቶባሲለስና ሳክሮማይሲስ ቡላርዲ ናቸው ከሁሉ ይልቅ የሚመረጡት። እጇ ላይ ያለው አንዱ ነው፣ መጠኑም ይደርሳል።

ሐኪሟን ደውለን አማከርናት፤ ተስማማች። በቀን አንድ ፓኬት፣ ከአንቲባዮቲኩ የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ እስከሚያልቅ። ለብ ባለ ውሃ ወይም በቀዝቃዛ ገንፎ፣ በትኩስ ነገር በፍጹም፤ ሙቀት ይገድለዋል። እርሾ ስለሆነ አሞክሲሲሊኑ አይነካውም። ባክቴሪያ ዓይነቱ ቢሆን ኖሮ ከአንቲባዮቲኩ ሁለት ሰዓት ያህል እናራርቀው ነበር። ለአፍ ፈንገስ የሚሰጥ መድኃኒት እየወሰደች ቢሆን ደግሞ እርሾውን ስለሚገድለው ትርጉም አይኖረውም።

አንቲባዮቲኩን ጨረሰች። ጆሮዋ ደረቀ። ተቅማጥ አልመጣም። ፓኬቱ ነው የከለከለው ማለት አልችልም፤ ካልወሰዱትም ከ100 ወደ 80 የሚሆኑት አይይዛቸውም። ማለት የምችለው፣ በዚህ ጊዜ መስጠቱ ምክንያት ነበረው።

የተረፉት ፓኬቶች

ካርቶኑ ውስጥ ፓኬቶች ተርፈዋል። የእናትየዋ ታናሽ እህት ደግሞ በዚያው ሰሞን ያለጊዜዋ ወለደች። ሕፃኑ ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ተኝቷል። ቤተሰቡ «ሆዱን ያጠናክርለታል» ብሎ የተረፈውን ሊወስድለት ተነሳ። እናትየዋ ቀድማ ደወለችልኝ፤ በመደወሏ አመሰገንኳት።

አይሆንም አልኳት። ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን አንጀቱ ገና አልጠናም፣ መከላከያውም ደካማ ነው፤ ለሌላው ልጅ ምንም የማያደርገው ሕያው ነገር እሱ ላይ ወደ ደም ሊሻገር ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2023 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ሆስፒታል ውስጥ ፕሮባዮቲክ የተሰጠው አንድ ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን በዚያው ባክቴሪያ ደሙ ተመርዞ መሞቱን ገልጾ ሐኪሞችን አስጠንቅቋል። ለጨቅላዎች የተጠኑ ዝርያዎች አሉ፤ የሚወስነው ግን ሕፃኑን የሚከታተለው የሐኪሞች ቡድን ነው፣ ከቤት የመጣ ፓኬት አይደለም።

የዚህኛው እርሾ ሌላም ጣጣ አለው። ፓኬቱ ሲቀደድ ዱቄቱ ይበናል፣ እጅ ላይ ይቀራል። በደም ሥር ቱቦ የተገባላቸው ሕሙማን ባሉበት ክፍል ውስጥ መክፈት ራሱ ክልክል ነው፤ በቱቦው በኩል ደም ውስጥ ገብቶ የፈንገስ ኢንፌክሽን ያመጣባቸው ሰዎች አሉ። ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ውስጥ ደግሞ እንዲህ ያለ ቱቦ ያለው ሕፃን አይጠፋም። ስለዚህ በቦርሳም ቢሆን ይዛችሁ አትግቡ አልኳት።

«ታዲያ ምን እንውሰድለት?» አለችኝ።

እህቷ ወተቷን አልባ በንጹህ ኩባያ ለነርሶቹ እንድታስረክብ፣ በየሦስት ሰዓቱ እንዳታቋርጥ፣ ሲፈቅዱላት ደግሞ ሕፃኑን ደረቷ ላይ እንድታቅፈው ነገርኳት። ለእህቷ ምሳ፣ አጥሚትና የሚጠጣ ይዘውላት እንዲሄዱም።